ክረምቱን የት ይክረሙ?

ሰኔ ሲያልቅ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ክሊራንስ የምትባል ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። ቤተ መጻሕፍቱ ያልተመለሰ መጽሐፍ አለመኖሩን አይቶ ይፈርማል፤ ላቦራቶሪው፣ ስፖርት ክፍሉ፣ ካፌው ተራ በተራ ማኅተም ያሳርፋሉ። የመጨረሻው ፊርማ የፕሮክተሩ ነው። ፕሮክተሩ ፍራሽ ይቆጥራል፣ የሎከሩን በር ከፍቶ ይዘጋል፣ መስኮት ተሰብሮ ካገኘ ዋጋውን ለዶርሙ ልጆች ሁሉ ያካፍላል፣ ቁልፉን ተቀብሎ ይፈርማል። ተማሪው ቁልፉን ካስረከበ በኋላ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ መስመር ወረቀቷ ላይ የለም።

አብዛኛው ተማሪ የሚያድርበት ስላለው ነገሩን ልብ አይለውም። ሻንጣውን አውቶቡስ ላይ ያስጭናል፣ እናቱ ቤት ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴን እዚያው ይከርማል። የሚያድርበት የሌለው ደግሞ አይናገርም። የግቢ ልጅ ማጣቱን መደበቅ ያውቅበታል። «መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉት «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ የመጨረሻው ዶርሜቱ እስኪወጣ ይጠብቃል።

ሆለታ ያገኘሁት ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙን አልጠራውም። ሲቪል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ጨርሷል፤ የተወለደው ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው። ያለፉት ዓመታት ግጭት ቀበሌያቸውን ባዶ ሲያደርገው እናቱ ታናናሾቹን ይዛ ነቀምቴ ዘመድ ቤት ተጠጋች። አንድ ክፍል ናት፤ ማታ ማታ ጠረጴዛው ወደ ውጭ ካልወጣ ለሁሉም መተኛ አይበቃም። እሱ ቢጨመር የት ይሆናል? የአምቦና የነቀምቴ መንገድ በሆለታ ነው የሚያልፈው። ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሳፍሮ ሩቡን እንኳ ሳይሄድ ሆለታ ላይ ወረደ።

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከቡራዩ፣ ከገፈርሳና ከመናገሻ ቀጥላ ያለች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናት። አስኮ ተሳፍሮ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ስሟን ሰው የሚያውቀው በጦር ትምህርት ቤቷ፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በአበባ እርሻዎቿ ነው። ክረምቷ ቀልድ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና ሲመሽም አያባራም፤ ዋናውን አስፋልት ለቆ ወደ ሰፈር የገባ ሰው ቦቲ ካልተጫማ ጭቃው ጫማውን ይቀማዋል። ቤት ፍለጋ የሚወጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

ቤት ፍለጋ አብሬው ዞሬያለሁ። የመጀመሪያው ሰው ደላላው ነው፤ ጃንጥላ ይዞ አስፋልቱ ዳር ቡና ቤት ደጃፍ ይቆማል። «ለስንት ሰው?» ይላል። ለአንድ። «ላጤ?» አዎ። «ሥራህ?» ተማሪ ነኝ። ደላላው እዚህ ላይ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ተማሪ ማለት ለሱ ሁለት ወር ቆይቶ የሚሄድ፣ ጓደኛ የሚሰበስብ፣ የደላላውን ድርሻ የሚከራከር ሰው ነው። ለሦስተኛው ደላላ ልጁ «የቀን ሠራተኛ ነኝ» አለ። በዚህች አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን ቤት ለመከራየት ከቀን ሠራተኛነት ያነሰ ዋስትና ነው። እኔም ከዚያ ቀን በፊት አልገመትኩትም ነበር።

ያገኘነው ቤት ከአከራይዋ ዋና ቤት ጀርባ በተርታ ከተሠሩት አራት ክፍሎች አንዱ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ። አንዱ ጥግ ላይ የዝናብ ውሃ የሚቀበል ባሊ ተቀምጧል፤ ቤቱ ሲከራይ ባሊውም አብሮ ይከራያል ማለት ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ልጁ «አዴ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ፊታቸው ፈታ አለ፤ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ በሕይወት መኖሯን ጠየቁት። ወሬው ሲያልቅ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ኪራዩ በወር 2,000 ብር፣ የሁለት ወር ቅድሚያ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል። የግቢው በር ማታ ሦስት ሰዓት ይቆለፋል። እንግዳ ማሳደር አይቻልም።

«ምድጃው ከተከለከለ በምን ልብላ፣ አዴ?» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ ቆጣሪ እንጂ ምግብ መቼ ከለከልኩህ። ከሰል ግዛ።»

ከሰል ገዛ። ሽሮ በከሰል፣ ፓስታ በከሰል፤ ብዙውን ቀን ግን ዳቦ በሻይ። እናቱ ከነቀምቴ በሹፌር እጅ አንድ ፌስታል በሶ ልካለታለች። በሶው እንዳያልቅበት በኩባያ እየለካ ነው የሚበጠብጠው።

ተማሪ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉ ከተሞች የሚመጣው ስለሚረክሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለብቻ ክፍል መከራየት ለቤተሰብ የለሽ ተማሪ የማይታሰብ ከሆነ ቆይቷል። ቡራዩም ቀድሞ የደሃ መጠጊያ ነበረች፤ አሁን የአዲስ አበባ ኪራይ እየገፋ የሚያወጣቸው ደመወዝተኞች ሞልተውባታል። በሰበታ በኩል ፋብሪካዎቹ በፈረቃ ሠራተኛ ስለሚቀጥሩ ወንዱ ወደዚያ ያዘነብላል። በሱሉልታ ደግሞ የውሃ ማሸጊያዎቹና የግንባታ ቦታዎቹ ይስባሉ። ሆለታ ራቅ በማለቷ ከአራቱ ሁሉ ረከስ ትላለች፤ አበባው ሥራ ይሰጣል የሚል ወሬም ከሩቅ ይሰማል። በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች አካባቢዎች ጋር ሸገር ከተማ በሚል ተጠቃለዋል፤ በዚያው ዓመት በነዚህ ሰፈሮች ሕገ ወጥ የተባሉ በጣም ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። የፈረሱት ቤቶች የባለቤቶቻቸው ብቻ አልነበሩም። በጓሯቸው የነበሩት ርካሽ ክፍሎች አብረው ሄዱ፤ ክረምት ላይ የሚሟሟቀው የተማሪ ገበያ ይኖርባቸው የነበሩት እነዚያ ክፍሎች ናቸው።

ወደ ዶርሙ እንመለስ። የግቢ ኃላፊዎች ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ «ክረምት ላይ አገልግሎት የለም» የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ባልከፋ። ዶርሞቹ ክረምት ላይ ባዶ አይሆኑም። ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው የሚሰጠው። ፈተናው እንዳይሰረቅ ተብሎ ተፈታኞቹ ከየወረዳው ተጭነው ይመጣሉ፣ ዶርም ይተኛሉ፣ ካፌ ይበላሉ። እነሱ እንዲገቡ ነባሩ ተማሪ ይወጣል። ከነሱ ቀጥለው የክረምት ተማሪዎች ይገባሉ፤ አብዛኞቹ ትምህርታቸውን የሚያሻሽሉ መምህራን ናቸው። አልጋው አለ፣ ውሃው አለ፣ ጥበቃው አለ። የሌለው፣ «አንተ መሄጃ ከሌለህ እዚህ ጥግ ቆይ» የሚል መመሪያ ነው።

ተማሪው በዶርም የሚኖረው በነጻ ቢሆን «ይብቃህ» ማለት ይቻል ይሆናል። በነጻ ግን አይደለም። በ1995 በወጣው ደንብ ቁጥር 91 የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያስፈርመዋል። ማለትም ዶርሙ ብድር ነው። ብድሩ አሥር ወር ያህል ይዘልቅና ሐምሌ ላይ ይቋረጣል። ተማሪው ሁለት ወር ተኩል ያህል ከመዝገብ ይጠፋል፤ አይበላም፣ አይተኛም፣ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ከየትም ይምጣ ከየት ከነመታወቂያው በሩ ላይ ይገኛል ተብሎ ይታሰባል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ቤተሰብ ነው። አገሪቱ ለተማሪዎቿ ክረምት አንድ ሳንቲም ሳታወጣ የኖረችው እናቶች ስላሉ ነው። ታዲያ እናትየዋ ራሷ ተፈናቅላ ስትጠለል፣ ወይም ወደ እሷ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ፣ ሒሳቡን ማን ይዘጋዋል?

መንገድ ሲዘጋ የሚሆነውን አይተነዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የትግራይ ልጆች ነበሩ። አውሮፕላን፣ አውቶቡስ፣ ባንክ፣ ስልክ አንድ ላይ ተቋረጡ። ቤተሰብ ገንዘብ መላክ ቀርቶ ድምፁን ማሰማት አልቻለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈርሞ፣ የመንገደኛ በረራ ወደ መቀሌ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ነው። በመሐሉ ሁለት ክረምት አልፏል። በአንጻሩ በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ የሌላ ክልል ልጆች ወላጆች በ2013 ክረምት ልጆቻችንን መልሱልን ብለው አዲስ አበባ ላይ ሲጮኹ ነበር። ሁለቱም ወገን ተማሪ ነው፤ አንዱ መውጣት ሲያቅተው ሌላው መግባት አቃተው።

ከጦርነቱ በፊትም ሆነ ወዲህ መንገዱ አልቀናም። በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች ወላጆች ለቅሶ ገና ከጆሯችን አልወጣም። በሰኔ 2016 መጨረሻ ደግሞ ዓመቱን ጨርሰው ለክረምት ይመለሱ የነበሩ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሉባቸው አውቶቡሶች ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ተይዘው ከመቶ በላይ ሰዎች ታግተዋል፤ ቤተሰቦች ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቅን ብለው ተናግረዋል። ይህ መንገድ ከሱሉልታ ተነስቶ በጫንጮና በፍቼ በኩል ወደ ጎጃም የሚወርደው መንገድ ነው። እናት ስልክ ደውላ «ልጄ፣ አትምጣ፣ እዚያው ሁን» የምትለው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ሱሉልታ ላይ ክፍል የሚፈልግ የጎጃም ልጅ ካያችሁ ቤት ጠልቶ አይደለም፤ የተባለውን እየሰማ ነው።

ወደ ሥራው ደግሞ እንምጣ፤ ሆለታ የመጣ ተማሪ ሁሉ አፉ ላይ ያለው «አበባ» ነው። አስፋልቱን ለቀቅ ሲሉ ነጫጭ ፕላስቲክ የለበሱት ግሪን ሀውሶች ሜዳውን ሸፍነውት ይታያሉ፤ ጽጌረዳ ይቆረጣል፣ በግንዱ ርዝመት ይመደባል፣ ተጠቅልሎ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። ከርቀት ሲታይ ሥራ የሞላበት ይመስላል። ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። የአውሮፓ ገበያ የሚግለው ከየካቲት የፍቅረኞች ቀን እስከ ግንቦት የእናቶች ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አውሮፓውያን በየጓሯቸው አበባ የሚያብብበት፣ ሰዉም ለእረፍት የሚበተንበት ወቅት ስለሆነ ጨረታው ይቀዘቅዛል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ፀሐዩ ይጠፋል፣ እርጥበቱ አበባውን ያሻግታል። እርሻዎቹ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚፈልጉት ተማሪው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሚማርበት ወራት ነው። ተማሪው ሥራ ሲፈልግ በሩ ጠቧል። ቢገባም ሠራተኛው በአብዛኛው ሴት ነው፣ ወንዱን ወደ ርጭትና ወደ ሸክም ነው የሚመድቡት። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል ስለሌለ የቀኑን ዋጋ የሚወስነው በር ላይ የቆመው ሰው ብዛት ነው።

ግንባታውም እንደዚያው ነው። ክረምት ላይ ቁፋሮ ውሃ ይሞላል፣ ኮንክሪት ማፍሰስ ይቆማል፣ ተቋራጩ የቀን ሠራተኛውን ይቀንሳል። የሚቀረው ወደ ገጠሩ ወጣ ብሎ አረም ነው። በነሐሴ የስንዴውና የጤፉ ማሳ እጅ ስለሚፈልግ ገበሬው ምሳ አብልቶ በቀን ይከፍላል። እጁ እርሳስ የለመደ ልጅ ግን ከገበሬው ልጅ እኩል ሲያርም ውሎ ማታ ጎንበስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ በማግስቱ ደግሞ ዝናብ ከሆነ ሥራ የለም።

የኛ ልጅ የተሻለ አገኘ። አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሲሠራ የዕቃ ዘበኛ ጠፍቶ ነበርና ማታ ማታ እዚያ እንዲያድር ተቀጠረ። ዘበኛው የሚተኛው በቆርቆሮ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶውም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም ራቅ ተደርጎ ተደርድሯል። እርጥበት ከነካው ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል፤ ይህን ልጁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሯል፣ ተፈትኖም አልፏል። የእሱ መኝታ መሬት ላይ የተነጠፈ ካርቶንና አንድ ብርድ ልብስ ነው። «ለሲሚንቶው የሚያደርጉለትን ስታይ ትቀናለህ» አለኝ፤ እየሳቀ ነው ግን። ከዚያ ማታ በኋላ ፎርማኑን ለምኖ ሁለት ጣውላ አገኘ።

የተከራየውን ክፍል ታዲያ ለምን አልለቀቀም? ስለ ሻንጣው። መጻሕፍቱን፣ ላፕቶፑን፣ ፍራሹን የት ያኖራል? ለሰው ሳይሆን ለሻንጣ ኪራይ የሚከፍል ስንት ተማሪ እንዳለ ከነሱ በቀር ማን ይቆጥራል። አንዳንዶች ዕቃቸውን ግቢ አጠገብ ላለ ስቴሽነሪ ባለቤት ወይም ለላውንጅ አስተናጋጅ አደራ ብለው ይወጣሉ። አደራ የሚቀበል ካላገኙ ግን ሻንጣው ቤት ያስከራያል።

ሴቶቹ ሌላ መከራ አለባቸው። አከራዮች ለሴት ተማሪ ማከራየት ይፈልጋሉ፣ ንጹሕ ናት ይላሉ፤ ነገር ግን መውጫ መግቢያዋን ሁሉ ይቆጥሩባታል፣ ወንድሟ እንኳ ቢመጣ ወሬ ነው። ኪራይ መክፈል የማትችለው መኝታና ምግብ ያለበትን ሥራ ትፈልጋለች፤ ይህም ማለት የቤት ሠራተኝነት ነው። ደላላው ዘንድ ስትሄድ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዋን ትደብቃለች፤ «ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ነኝ» ያለች ልጅ ለአሠሪ አትመችም፣ መስከረም ላይ ጥላ እንደምትሄድ ይታወቃልና። ሁለት ወር በሰው ጓዳ ድስት ስታጥብ ትከርማለች፤ የሚያሳስባት የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፣ የምታድርበት ክፍል ከውስጥ መቆለፍ አለመቆለፉ ነው። ቤት ለሌላት ሴት ተማሪ ለሁለት ወር ቁልፍ ያለው ክፍል ማዘጋጀት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስረዳኝ ኃላፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አገራችን ቤት የሌለው ተማሪ አዲስ ነገር የሆነባት አይደለችም። የቆሎ ተማሪው ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ሲዞር የኖረው ያለ ቤት ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይሰበስባል፤ ውሻውን በዱላው ይከላከላል፤ ማታ የኔታ ደጅ አጠገብ ራሱ በቀለሳት ጎጆ ያድራል። ክረምት ለሱም ክፉ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነውና ቁራሹም ያንሳል። የወሎ ደረሶችም ሼኻቸው ባሉበት መንደር ዙሪያ በሕዝቡ እጅ ነው የሚያድሩት። ይህን ድህነት ማሞገስ አልፈልግም፤ ስንቱ በእከክና በተስቦ ያለቀበት ኑሮ ነው። አንድ ነገር ግን ነበረው። መንደሩ ተማሪው እንዳለ ያውቃል። ባልቴቷ ደጇ ላይ ሲቆም የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነ ታውቃለች፤ ባትሰጠው እንኳ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብላ ነው የምትሸኘው። ሆለታ ላይ መጋዘን ውስጥ የሚያድረውን የምሕንድስና ተማሪ ግን ተማሪ መሆኑን ማንም አያውቅም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አያውቅም።

ዛሬም ቢሆን የእምነት ቤቶች ክፍተቱን ይደፍናሉ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ የሚይዝ ሕዝብ በየገዳማቱ ስለሚሰበሰብ፣ መሄጃ ያጣ ተማሪ አብሮ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሊያልፍለት ይችላል፤ ደብረ ሊባኖስና ዝቋላ ከእነዚህ ከተሞች ሩቅ አይደሉም። እዚያው ሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ጠባባት ማርያም ገዳም ወላጅ የሌላቸውን ሴት ልጆች ሲያሳድግ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለሌላው ተማሪ የእረፍት ወቅት የሆነው ክረምት ለሱ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። እንግሊዞች ይህን በሕግ ነው የያዙት። በመንግሥት አሳዳጊነት ያደገ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ገብቶ ዶርሙ ለእረፍት ሲዘጋ፣ ያሳደገው የአካባቢ አስተዳደር መኖሪያ ወይም የመኖሪያ ገንዘብ እንዲሰጠው ሕጉ ያስገድዳል። መነሻው ቀላል ነው፤ አሳዳጊ እስከሆንክ ድረስ ልጅህ ለእረፍት ሲመጣ የምትሰጠው ክፍል ሊኖርህ ይገባል።

እኛም ሕግ አላጣንም፤ ያወጣነው ግን ለሌላ ሰው ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል፣ ኪራይም እንደፈለገ እንዳይጨምር ይከለክላል። ደግ ነው። ነገር ግን ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ያዛል። ቤተሰብ ላለው ተከራይ ይህ ከለላ ነው። ለሁለት ወር ተኩል ክፍል ለሚፈልግ ተማሪ ግን ሕጋዊ ውል የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፤ ሲከራይም በቃል፣ ሲባረርም በቃል ነው። የሆለታዋ አከራይ ስለ አዋጁ ሰምተዋል። «ሁለት ዓመት የሚሉት እሱን ነው?» ብለው ልጁን በአገጫቸው አሳዩኝና ሳቁ።

ዶርምን ክረምት ላይ መክፈት አይቻልም የሚለውን ክርክር እኔ አልቀበለውም። ምክንያቱም ሲፈለግ ተችሏል። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ግቢያቸው እንዲቆዩ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ተደረገ። ወዲያው እነዚያው ዶርሞች ለይቶ ማቆያ ሆኑ፤ ከውጭ የገባ መንገደኛ በተማሪው አልጋ ላይ አሥራ አራት ቀን ሲተኛ ምግቡም ውሃውም ተገኘ። ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን አብልቶ የሚያሳድር ዩኒቨርሲቲ፣ ከአርባ ሕንጻው አንዱን ለመቶ ወይም ለሁለት መቶ የራሱ ተማሪዎች ማስቀረት ያቅተዋል ቢባል ማን ያምናል? ከባዱ ሌላ ነው። ማን ይቆይ የሚለውን መወሰን። ዝርዝር ይውጣ ከተባለ ሁሉም ተፈናቃይ ነኝ ይላል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከየቀበሌው ይጎርፋል የሚል ፍራቻ አለ። ፍራቻው እውነት አለው። ነገር ግን ክሊራንስ ላይ ከመጽሐፍና ከፍራሽ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሮ «ክረምቱን የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ደብዳቤ አይፈልግም። የሚዋሽም ቢኖር፣ ክረምቱን ሙሉ ያለ ጓደኛ፣ በካፌ ምግብ ለመቆየት ብሎ የሚዋሽ ተማሪ ብዙ ይመጣል ብዬ አልገምትም።

መስከረም ሲጠባ የቀረው ጥሪ ነው። ነባር ተማሪዎች መቼ እንደሚገቡ ዩኒቨርሲቲው በፌስቡክና በቴሌግራም ገጹ ይለጥፋል፤ የኛ ልጅ ስልኩን በቀን አሥር ጊዜ ያያል። ባለፉት ዓመታት በኮሮናና በጦርነት የተዛባው የትምህርት ካላንደር ገና መስመር አልያዘም ነበር፣ ቀኑም ከግቢ ግቢ ይለያይ ነበር። ጥሪው መስከረም መጨረሻ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ወጣ፤ ምዝገባ ጥቅምት አጋማሽ ይላል። ቤተሰቡ ዘንድ ለከረመ ተማሪ ይህ የሁለት ሳምንት ተጨማሪ እረፍት ነው። ለሱ ያልታሰበ የኪራይ ወር ነው። ፎቁ ቤት ጣሪያ ለብሶ ባለቤቱ ቋሚ ዘበኛ ስለቀጠረ የማታው ሥራም አብቅቷል።

አከራይዋ ዘንድ ሄዶ ግማሽ ወር ብቻ እንዲያስከፍሉት ጠየቃቸው። እሳቸው ግማሽ ወር የሚባል ኪራይ አላውቅም አሉ፤ ቀጥለው ግን የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል መሆኑን፣ ሒሳብ ላይ ደካማ መሆኑን፣ የሚኒስትሪ ፈተና እንደሚጠብቀው አነሡ። ተስማሙ። በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የልጅ ልጃቸው ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስለሌለ አስተማሪም ተማሪም ፍራሹ ላይ ይቀመጣሉ። ኤሌክትሪክ ምድጃ አሁንም ክልክል ነው፤ አምፖሉ ግን ትምህርቱ እስኪያልቅ እንዲበራ ተፈቅዷል።